ከሁለቱ ሐራራዎች አንዱ ብቻ ነው እስር ቤት የሚቀረው፦ በእስር ላይ ከሱስ ስለማገገም

ልጃቸው መታሰሩ በስልክ የተነገራቸው ወላጆች በመጀመሪያው ምሽት የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ደንግጠውና አልቅሰው፣ ጠበቃ ስለመፈለግም ተነጋግረው ሲያበቁ፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢያንስ ዛሬ የት እንደሚያድር አውቃለሁ» ትላለች። ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር የሞት መርዶ የመጣ እየመሰለው ለዓመታት ሲባንን ለኖረ ሰው ይህ እፎይታ የሚያሳፍር አይደለም። ይሁን እንጂ ከእፎይታው ጋር ተያይዞ አንድ እምነት ይመጣል፤ ልጁ እስር ቤት ገብቶ ከዕፁ ወይም ከመጠጡ ከተለየ ሱሱም በዚያው ይለቀዋል የሚል። ይህ እምነት በከፊል እውነት አለው፤ የቀረው ክፍል ግን ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። ስሕተቱ የቱ ጋ እንዳለ በግልጽ ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ለማብራሪያው በዋናነት የአሜሪካን ሁኔታ መርጫለሁ። በእስር ላይ ስለሚሰጥ የሱስ ሕክምና በስፋት የተጠናው እዚያ በመሆኑና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይም በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ ብዙ ወገናችን ስለሚኖር ነው። የአገር ቤቱንም ሁኔታ በሚገናኝበት ቦታ አነሣዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ልዩነት ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እኛ በአማርኛ ሁለቱንም «እስር ቤት» ብንላቸውም በአሜሪካ ጄልና ፕሪዝን የተለያዩ ናቸው። ጄል በካውንቲ፣ ማለትም በክፍለ ግዛት ሥር ባለ የአካባቢ አስተዳደር፣ የሚተዳደር ሲሆን ገና ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ያነሰ የተፈረደበት ሰው የሚቆይበት ነው። ፕሪዝን ግን ረጅም ፍርድ የሚፈጸምበት የክፍለ ግዛት ወይም የፌደራል ማረሚያ ቤት ነው። ሰው በሐራራ እየተንቀጠቀጠ ከመንገድ ላይ በቀጥታ የሚገባው ጄል ነው፤ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላም ሳይታሰብ የሚለቀቀው ከዚያው ነው። የፌደራሉ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ፍርድ አግኝተው በጄል ከነበሩት መካከል 63 ከመቶ የሚሆኑት የዕፅ ጥገኝነት ወይም ጎጂ አጠቃቀም መመዘኛዎችን ያሟሉ ነበሩ።

በአማርኛ «ሐራራ» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አጣምሮ ይዟል። ጫት የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍበት የሚያዛጋው፣ የሚነጫነጨውና ራሱን የሚያመው ሐራራ ይዞት ነው። ሲጋራ ካቆመ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ የድሮ ጓደኛው ሲያጨስ አይቶ ውስጡ ሲላወስ እርሱም ሐራራ ያዘው እንላለን። የመጀመሪያው የሰውነት ሐራራ ነው፤ ሰውነት ከዕፁ ጋር ተስማምቶ መኖር ከለመደ በኋላ በድንገት ሲያጣው ሚዛኑ ይናጋል፤ ይህ በቀናት፣ ቢበዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልፋል። ሁለተኛው የአእምሮ ሐራራ ነው፤ አእምሮ ደስታንና ፍላጎትን የሚመራበት ሥርዓት ዕፁን ከምግብና ከዘመድ በላይ አስቀድሞ እንዲፈልግ ስለሠለጠነ፣ የሚያስታውስ ሰው ወይም ቦታ ባገኘ ጊዜ፣ ወይም ጭንቀት በመጣ ጊዜ፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላም ይነሣል። እስር ቤት የመጀመሪያውን ሐራራ በግድ ያስጨርሳል። ሁለተኛውን ግን አይነካውም፤ ዕፁ የተገዛበት ሰፈርና የተወሰደበት ክፍል ውጭ ስለሆኑ ዝም ይላል እንጂ። ታሳሪው ራሱ «አሁንስ ተገላገልኩ፣ ትዝም አይለኝም» ብሎ በሙሉ ልብ ለእናቱ ሲነግራት እየዋሸ አይደለም፤ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ሐራራ ብቻ ነው።

ሆኖም የመጀመሪያውም ሐራራ ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝርዝር መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ኦፒዮይድ የሚባሉት ዕፆች፣ ማለትም ሄሮይን፣ ፌንታኒልና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖች፣ ከተቋረጡ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐራራው ይጀምራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እጅግ ይበረታል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ነርሷ የሐራራውን ክብደት የምትለካው በነጥብ መመዝገቢያ ወረቀት ነው። የልብ ምቱን ትቆጥራለች፤ የዓይኑ ብሌን ምን ያህል እንደሰፋ ታያለች፤ እጁን ዘርግቶ እንዲይዝ አድርጋ መንቀጥቀጡን ትመለከታለች፤ በክንዱ ቆዳ ላይ እጅዋን አሳርፋ እንደ ብርድ ሽፍ ማለቱን ትዳስሳለች፤ እርሱን በምትጠይቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳዛጋ ሳይቀር ትጽፋለች። ትውከትና ተቅማጥ ካለ ነጥቡ ከፍ ይላል። «የኦፒዮይድ ሐራራ ያሠቃያል እንጂ አይገድልም» ሲባል የቆየው አባባል በተግባር የተሳሳተ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለቀናት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ፈሳሽ የሚተካላቸው ሰው አጥተው በጄል ክፍሎች ውስጥ በሰውነት ድርቀት የሞቱ ሰዎች አሉ።

የመጠጥ ሐራራ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ብዙ የኛ ቤተሰብ ስለማያውቀውም ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ለዓመታት በየቀኑ ጠንካራ መጠጥ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊደርስበት ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያለበትን ቦታ መሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ይከተላል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል፤ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው ግን የታወቀ ነው፤ ከቫሊየም ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በሐኪም ቁጥጥር ይሰጣሉ፤ አንጎል እንዳይጎዳ ቫይታሚን ቢ1 ይጨመራል። እንደ ዛናክስ ያሉ ማረጋጊያ ክኒኖችን ብዙ ጊዜ የወሰደም ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ተመሳሳይ አደጋ አለበት። እንግዲህ «አልኮል ሕጋዊ ነው፣ ዕፅ አይደለም፣ ስለዚህ መተዉ ይቀላል» የሚለው ሐሳብ በእስር ክፍል ውስጥ ተገልብጦ ይገኛል።

ይህ ነጥብ አገር ቤትንም በቀጥታ ይመለከታል። ሕገ መንግሥታችን የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ አረቄ የለመደ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ታዲያ ከዚሁ ከ48 ሰዓት ጋር ይገጣጠማል፣ ያልፈዋልም። ፖሊስ ጣቢያ ያለ ታሳሪ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ከግድግዳው ጋር መነጋገር ሲጀምር አብረውት የታሰሩት አእምሮው ተነካ ወይም መንፈስ ያዘው ሊሉ ይችላሉ። በኛ ባህል ቤተሰብ በየቀኑ ስንቅ ማመላለሱ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሣህኑ ሳይነካ ከተመለሰ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ዳቦውን መቁረስ ካቃተው፣ ወይም ጥያቄና መልሱ ካልተገናኘ፣ ስንቅ ያደረሰው ሰው ለተረኛው ፖሊስ «ይህ ሰው በየቀኑ ይህን ያህል ይጠጣ ነበር፣ ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም» ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። ጫት ግን ከዚህ ይለያል። ጫት በድንገት ማቆም ድካም፣ ብስጭት፣ ጭንቀትና ቃሚዎች «ዱካክ» የሚሉትን የቅዠት እንቅልፍ ያመጣል እንጂ እንደ አልኮል ለመንቀጥቀጥና ለሞት አያደርስም። ችግሩ ብዙ ሰው ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ብሎ መጠጥ የሚጨምር መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «እርሱ ጫት ብቻ ነው የሚቅመው» ከማለት በፊት ማታ ማታ ምን ይጠጣ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ አሜሪካው ጄል ልመለስ። የስታቲስቲክስ ቢሮው ለዓመታት ያሰባሰበው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በዕፅ ወይም በአልኮል መመረዝ በጄል ውስጥ የሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት ከገቡ በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። ሰውየው ሊያዝ ሲል የያዘውን ውጦታል፤ ወይም ከመያዙ በፊት የወሰደው ገና በደሙ ውስጥ እየጨመረ ነው፤ ሲገባ «ምን ወስደሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ክስ ይጨመርብኛል ብሎ «ምንም» ይላል። ሲገባ የሚቀርብለት የጤና መጠይቅ ለሕክምና የሚያገለግል ነው፤ በእውነት መመለሱ ሕይወቱን ሊያድን ይችላል። እርሱ ካልተናገረ ቤተሰብ ወደ ጄሉ ደውሎ የሕክምና ክፍሉን እንዲያገናኙት መጠየቅ ይችላል። የሕክምና ክፍሉ በምስጢር ጥበቃ ምክንያት ስለታሳሪው ምንም ባይነግራችሁ እንኳ የእናንተን መረጃ ከመቀበል የሚያግደው ነገር የለም፤ ምን እንደሚወስድ፣ ምን ያህል፣ መጨረሻ መቼ እንደወሰደ፣ ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶን ወይም ሌላ መድኃኒት ከየትኛው ክሊኒክ እንደሚቀበል ንገሯቸው። ከታሳሪው ጋር በጄሉ ስልክ ስትነጋገሩ ግን ጥሪው እንደሚቀረጽ አትዘንጉ፤ ስለ ጤናው ጠይቁት፣ ስለተከሰሰበት ጉዳይ አታውሩ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ደርሰናል፤ እርሱም ሰውነቱ ከጸዳ በኋላ የሚመጣው ነው። የሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት በቀጥታ ዶሮ ወጡ ላይ አይወድቅም፤ አንጀቱ ቅባት ስለረሳ መጀመሪያ ተልባ ይጠጣል። እናቶቻችን ያለ ሐኪም ምክር የሚያውቁት ይህ ነገር በኦፒዮይድ ላይ በእጅጉ በከፋ መልክ ይሠራል። ሰውነት ለዕፁ የነበረውን መላመድ በእስር ጊዜ ያጣል፤ ሁለተኛው ሐራራ ግን የሚያስታውሰው የድሮውን መጠን ነው። ከመታሰሩ በፊት በነበረበት ቀን ያልገደለው መጠን ከአንድ ወር እስር በኋላ ትንፋሹን ያቆመዋል። በ2007 ይፋ የሆነ አንድ ሰፊ ጥናት ከዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ማረሚያ ቤቶች የወጡ 30,237 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከመጠን ባለፈ ዕፅ የመሞት አደጋቸው ከሌላው የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ጥናት የተካሄደው ደግሞ ከሄሮይን 50 ጊዜ ያህል የሚበረታው ፌንታኒል ገበያውን ከመውረሩ በፊት ነው። ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው ክኒን የፋብሪካ መድኃኒት መስሎ ተሠርቶ ፌንታኒል ሊሆን ስለሚችል፣ «ትንሽ ብቻ» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚወስደውን መጠን ማወቅ አይችልም።

«ታስሮ ጸዳ» ማለት ብቻውን ጥበቃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚጠብቀው ሕክምና ነው፤ ለኦፒዮይድ ሱስ ደግሞ የተረጋገጡ ሦስት መድኃኒቶች አሉ። ሜታዶን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሁለቱንም ሐራራዎች ያስታግሣል። ቡፕረኖርፊን፣ ብዙ ሰው ሰቦክሰን በሚል የንግድ ስሙ የሚያውቀው፣ ዕፁ የሚቀመጥበትን የአንጎል ቦታ ይይዛል፤ ነገር ግን ኃይሉ ጣሪያ ስላለው ትንፋሽ የማቆም አደጋው ያነሰ ነው። በምላስ ሥር ከሚቀመጠው ሌላ ለሳምንት ወይም ለአንድ ወር የሚያገለግል መርፌም አለው። ሦስተኛው ናልትሬክሶን ነው፤ እርሱ ያንኑ የአንጎል ቦታ ይዘጋል እንጂ የዕፁን ስሜት አይሰጥም። በወር አንድ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል፤ ለአልኮል ሱስም ይረዳል። ነገር ግን ሰውነት መላመዱን ስለሚያጣ፣ መርፌው ሲቋረጥ የመሞት አደጋ ተመልሶ ይመጣል።

መድኃኒቱ ሲታደል በቅርብ ማየት ብዙ ጥርጣሬን ያስወግዳል። ታሳሪው ተራ ይዞ በእጁ ላይ የታሰረውን መለያ ያሳያል፤ ነርሷ ስሙንና ፎቶውን ታመሳክራለች። ሜታዶን ፈሳሽ ሆኖ በትንሽ ኩባያ ይሰጠዋል፤ በፊትዋ ይጠጣዋል፣ በላዩ ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያም አፉን ከፍቶ ምላሱን አንሥቶ ያሳያል። ቡፕረኖርፊን ከሆነ እንደ ቀጭን ላስቲክ ያለችው ቁራጭ በምላሱ ሥር ትቀመጥና አግዳሚ ወንበር ላይ መዳፉን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ሳያወራ፣ ሟሙታ እስክታልቅ ይቀመጣል፤ ዘበኛው እጆቹን ይመለከታል፤ በመጨረሻም አፉ በባትሪ ይፈተሻል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ መድኃኒቱ ለሌላ ታሳሪ እንዳይሸጥ ወይም ተቀምቶ እንዳይወሰድ ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ያየ ሰው «እስር ቤት ውስጥ ዕፅ ያድሉላቸዋል» አይልም።

ከወላጆች ጋር ስነጋገር ግን ደጋግሜ የምሰማው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ከልብ የመነጨ በመሆኑ በአግባቡ መመለስ አለበት። ሱስ ማለት ሰውነት አንድን ነገር መልመዱ ብቻ አይደለም፤ ሕይወትን እያፈረሰ እንኳ ያንን ነገር ማቆም አለመቻል ነው። ሜታዶን የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ሜታዶንን ይለምዳል፤ ነገር ግን መጠኑ ሲስተካከል ጠዋት ተነሥቶ ሥራ ይሄዳል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ለቀጣዩ መጠን የሚሰርቅበትና የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ቀኑን ሙሉ የሚወጣና የሚወርድ ስካር የለም። የኛ ቤተሰቦች የሚያነሡት ሌላው ጉዳይ ጠበል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለዚህም እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ከእስር የወጣን ልጅ መድኃኒቱን አስጥሎ ወደ ጠበል መውሰድ ግን መላመዱን ያጣ ሰውነቱን ያለ መከላከያ መተው ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች አዲስ አይደሉም። በኒው ዮርኩ ራይከርስ ደሴት ጄል የሜታዶን ሕክምና ከ1987 ጀምሮ ይሰጣል። ሆኖም አብዛኞቹ የአሜሪካ ጄሎች ለረጅም ጊዜ ነፍሰ ጡር ሴቶች ካልሆኑ በቀር መድኃኒቱን ከልክለዋል፤ ውጭ በሐኪም ትእዛዝ ሲወስድ የነበረን ሰው እንኳ በገባበት ቀን ያቋርጡበት ነበር። ይህን የለወጡት በዋናነት ፍርድ ቤቶች ናቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ለታሳሪ ከባድ የጤና ችግር አውቆ ግድ የለሽ መሆን ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወስኖ ነበር። በ2018 በማሳቹሴትስ፣ በ2019 ደግሞ በሜይን፣ የፌደራል ዳኞች ጄሎች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እንዲሰጡ አዘዙ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስጠብቀው ሕግ ነበር። በ2022 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ያወጣው መመሪያ፣ በሐኪም ትእዛዝ ለኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት የሚወስድን ሰው መከልከል በዚሁ ሕግ መሠረት አድልዎ ሊሆን እንደሚችል አብራርቷል። ለኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ የሜሪላንድ ሕግ ነው። በ2019 የወጣው ይህ ሕግ የካውንቲ ጄሎች የገባውን ሰው ለኦፒዮይድ ሱስ እንዲመረምሩና መድኃኒት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ በመጀመሪያው ዙር ከተካተቱት ካውንቲዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ይገኛሉ። ስለዚህ የሲልቨር ስፕሪንግ እናት «ልጄ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ሕግ የሚያዝዘውን እየጠየቀች ነው፤ ማንንም እየለመነች አይደለም።

ውጤቱስ? ሮድ አይላንድ በ2016 ሦስቱንም መድኃኒቶች ለታሳሪዎቿ ማቅረብ ጀመረች። ከዚያ በፊት፣ በ2016 የመጀመሪያ 6 ወራት፣ በክፍለ ግዛቷ ከመጠን ባለፈ ዕፅ ከሞቱት 179 ሰዎች 26ቱ በቅርብ ጊዜ ከእስር የወጡ ነበሩ። በ2017 ተመሳሳይ ወራት ግን ከ157ቱ 9 ብቻ ሆኑ። ሌላው ምሳሌ በማሳቹሴትስ ጎረቤታም የሆኑ ሁለት ካውንቲዎች ናቸው፤ የፍራንክሊን ጄል ቡፕረኖርፊን መስጠት ሲጀምር የሃምፕሻየር ጄል ገና አልጀመረም ነበር። ከፍራንክሊን ከወጡት 48 ከመቶው፣ ከሃምፕሻየር ከወጡት ደግሞ 63 ከመቶው እንደገና ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል። 48 ከመቶም ቢሆን ብዙ ነው። መድኃኒቱ ሰውን በሕይወት ያቆየዋል፣ ለሌላው ሥራ ጊዜ ይገዛለታል፤ ያንን ሌላ ሥራ ግን ራሱ አይሠራውም።

ያ ሌላው ሥራ ሁለተኛውን ሐራራ የሚመለከት ነው። በምክር አገልግሎት ታሳሪው ሐራራውን የሚቀሰቅሱበትን ሰዎች፣ ቦታዎችና ስሜቶች አንድ በአንድ መለየትና አስቀድሞ ምን እንደሚያደርግ መለማመድ ይማራል። በብዙ ጄሎች የአልኮልና የዕፅ ሱሰኞች የመረዳጃ ስብሰባዎች አሉ፤ በፌደራል ፕሪዝኖች ደግሞ 500 ሰዓት የሚወስድ ፕሮግራም አለ፤ ኃይል የሌለበት ወንጀል የፈጸመ ታሳሪ ሲያጠናቅቅ እስከ አንድ ዓመት ሊቀነስለት ይችላል። ኮኬይንና ሜት ለመሳሰሉት አነቃቂ ዕፆች የተፈቀደ መድኃኒት ገና ስለሌለ እንዲህ ያለው ምክርና ክትትል ዋናው ሕክምና ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ችግር ጎልቶ ይታያል። በስብሰባው ክብ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሁለተኛ ቋንቋው፣ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት «እናቴን ሰረቅኋት» ማለት ላደገበት ይሉኝታ እጅግ ከባድ ነው። ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ እንቢተኝነት ይመዘገብበታል። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቡድኑ ይልቅ ለብቻ ከአማካሪ ጋር መነጋገርም መጠየቅ ይቻላል፤ ጠበቃውም ይህን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ ይጠቅማል።

ከእስር ይልቅ ሕክምና የሚያዝዙ የዕፅ ፍርድ ቤቶችም አሉ፤ የመጀመሪያው በ1989 በማያሚ ተቋቋመ። ለብዙዎች መልካም አማራጭ ናቸው። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን ወጥመድ አላቸው፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝም እንኳ በኢሚግሬሽን ሕግ ፊት እንደ ጥፋተኝነት ሊቆጠርና ለመባረር ሊያበቃ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በሰጠው ውሳኔ የወንጀል ጠበቃ ስለዚህ መዘዝ ደንበኛውን የመምከር ግዴታ አለበት። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ «ሕክምና ነው፣ ፈርም» ሲባል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወረቀቱን ያንብበው።

የመፈታቱ ቀን የሚታሰበው ሲቃረብ ሳይሆን ገና በታሰረ ሳምንት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ከጄል የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቀኑን አስቀድሞ አያውቅም፤ ዋስትና ተፈቅዶለት በዚያው ምሽት ሊለቀቅ ይችላል። አውቶቡስ በቆመበት ሌሊት፣ ባትሪው የሞተ ስልክ ይዞ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በታሰረበት ዕለት ለብሶት የነበረውን ልብስ አንጠልጥሎ በሩ ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ቁጥሩን በቃሉ ለያዘው ሰው ነው፤ ያ ሰው የድሮ ሻጩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልካችሁን በቃሉ ይያዘው። መድኃኒት የጀመረ ከሆነ ሲወጣ የሚቀጥልበት ክሊኒክ፣ የቀጠሮው ቀንና እስከዚያ የሚያደርሰው መድኃኒት መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቀጠሮው ከአንድና ከሁለት ቀን ከዘገየ ሐራራው ይቀድመዋል። የጤና መድኑም ጉዳይ አለ፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬድ፣ በ1965 ከተፈጠረ ጀምሮ በእስር ላይ ላለ ሰው ሕክምና እንዳይከፍል በሕግ ተከልክሎ ስለነበር ሰው ሲወጣ መድኑ ተቋርጦ ያገኘዋል። ካሊፎርኒያ በ2023 መጀመሪያ ላይ ከመፈታት በፊት ላሉት 90 ቀናት ሜዲኬድ እንዲከፍል የፌደራል ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋል።

ቤት ከገባ በኋላ ላሉት ሁለት ሳምንታት ናሎክሶን፣ ማለትም ኦፒዮይድ ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት፣ የሌለበት ቤት ውስጥ ማደር የለበትም። ናርካን በሚል ስም የሚታወቀው የአፍንጫ ርጭት ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፋርማሲ ይሸጣል፤ ብዙ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጡታል። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከዘገየ በሩን አንኳኩ፤ ካልመለሰ አታፍሩ፣ ክፈቱ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ትንፋሹ እንደ ማንኮራፋት ሆኖ ከተቆራረጠ፣ ርጭቱን በአንድ አፍንጫው ጨርሳችሁ ርጩለትና 911 ደውሉ፤ መተንፈስ ካቆመም አየር ስጡት። ከሁለትና ሦስት ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን ጨምሩ። ሲነቃ አያመሰግናችሁም፤ ናሎክሶን ዕፁን ከአንጎሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያባርረው የመጀመሪያውን ሐራራ በሙሉ ኃይሉ በቅጽበት ያመጣበታል፤ ሊቆጣና ጥሎ ሊሄድ ሊሞክር ይችላል። የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያበቃል፤ የወሰደው ዕፅ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይና ትንፋሹን እንደገና ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ደህና ነኝ ቢላችሁም፣ ቢቆጣችሁም፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ አጠገቡ ቁጭ በሉ።